ያላለቀሰችው አጣቢ

ይህን ታሪክ የምጽፈው የሥራ ባልደረባዬን ለማሳጣት አይደለም። እሳቸው ራሳቸው «ጻፈው፤ አደራህን ግን አታሳምረው» ብለውኛል። ደግሞም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያፍሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሥራዬ የጋዜጣ አራሚነት ነው። ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ፤ የተሳሳተውን ፊደል አርማለሁ፤ የተንጋደደውን ዓረፍተ ነገር አቃናለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ከተጻፈላቸው ሰዎች አንዱን እንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆብኝ ወደ አንድ ጠጋኝ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሱቁ ከደረጃ ሥር የተሸጎጠ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ጀርባቸውን የሰጡኝ አንድ አዛውንት በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ጠጋኙን በሹክሹክታ ይጠይቁታል።

«ይሄ ድምፅ ከተቀዳ በኋላ የት ነው የሚሄደው? እስቲ እንደገና አሳየኝ። ቀስ በል፤ አታጣድፈኝ።»

«አባቴ፣ ሦስት ጊዜ አሳየሁዎት እኮ! እዚሁ ስልኩ ውስጥ ነው።»

«ስልኩ ውስጥ የት?»

ድምፃቸውን ለየሁት። እኛ ዝግጅት ክፍል ውስጥ «ጋሽ ደብተር» የምንላቸው አንጋፋው ዘጋቢያችን ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኪሳቸው ደብተር ሳይለይ የሠሩ፣ ጽሑፋቸውን ሰው ቆርጦ የሚያስቀምጥላቸው ሰው። ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ስልኬ ተበላሽታ ነው» አሉ ሳልጠይቃቸው።

ጠጋኙ የሰው ገመና መሸፈን የማያውቅ ሰው ነበርና «ምንም አልሆነችም፤ መቅዳት ልማር ብለው ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው» አለ።

ጋሽ ደብተር ላብ በላብ ሆኑ። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። እኔም ስልኬን ለጠጋኙ ትቼ ተከተልኳቸው። ወደ ጋዜጣው ቤት የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለሆነ እስኪደክማቸው ድረስ ተራመዱ። ከዚያ ቆም አሉ።

«ለማንም እንዳትናገር።»

«ምኑን ጋሼ?»

«አውቀህ ነው! የስንቱን ባለሥልጣን ውሸት ከዓይኑ ያነበብኩ ሰውዬ፣ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ተገኘሁ። ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ዋና አዘጋጃችን ከወር በፊት ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ዘጋቢ ከጽሑፉ ጋር ድምፅና ምስል ይዞ እንዲመጣ፣ ታሪኩም በወረቀቱም በድረ ገጹም እንዲወጣ የሚያዝ ነው። ለዚህም በሳምንት ሁለት ቀን የመልቲሚዲያ ሥልጠና ተጀምሯል። ጋሽ ደብተር አንዴ ጥርሴን፣ አንዴ ወገቤን እያሉ ሁለት ጊዜ ቀርተዋል።

«ታዲያ እዚያው ገብተው አይማሩም?» አልኳቸው። «ትምህርት ምን ያሳፍራል?»

«አንተ ምን አለብህ! የቱን ልጫን ብዬ ስጠይቅ እነዚያ ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ ማን ይችለዋል? እኔ እኮ ግማሾቹን ዜና አጻጻፍ ያስተማርኩ ነኝ። ደግሞስ ለምን ብዬ? እኔ ስለ አንድ ሰው ስጽፍ አንባቢዬ ሰውየውን ያየዋል፤ ድምፁን ይሰማዋል። ካሜራው ምን ሊጨምርልኝ ነው? ቃል ሲጠፋበት ነው ሰው ምስል የሚለጥፈው።»

መከራከር ይገባኝ ነበር፤ አልተከራከርኩም። እውነቱን ልናገርና እኔም ሥልጠናውን አልወደድኩትም ነበር። ድምፅ አራሚ አያስፈልገውም። ሰው በራሱ አንደበት ከተናገረ እኔ ምኑን አቃናለሁ? እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ለእሳቸው ክብር እንደተጨነቅሁ አድርጌ አቀረብኩት። ያንን ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ብቻ በበነጋታው አብሬዎት እገባለሁ ብዬ አደፋፈርኳቸውና ሁለታችንም ወደ ሥልጠናው ሄድን። ክፍሉ ድሮ የወረቀት ጥቅል ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን ነው፤ አሁንም ወረቀት ወረቀት ይሸታል። አሠልጣኟ ከሬዲዮ ጣቢያ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት። ትልቅ ማዳመጫ ካንገቷ ስለማይወርድ ሁሉም «ጆሮ» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለች ተነሥታ። «ጥርስዎ ተሻለዎት?»

«ተነቀለ» አሉ ጋሽ ደብተር፣ ሳይስቁ።

«ወገብዎስ?»

«እሱ እንኳ አይነቀልም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ። ትምህርቱ ግማሽ ሳይደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ፊት መቅጃ ስትደቅኚበት ይደነግጣል፤ አፉ ይያያዛል፤ የሚለውን ሳይሆን ይባልልኝ የሚለውን ይናገራል። እኔ ግን ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጨዋታ ሳጫውተው ልቡን ይሰጠኛል። ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ» አለች ጆሮ በትሕትና። «መደንገጡ አለ፤ አልክድዎትም። ግን ሰው የሚደነግጠው ከመሣሪያው ይልቅ በሚያጣድፈው ሰው ነው። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ምን እንደሚቀዱ ነግረውት፣ ፈቃዱን ጠይቀው ቢጠብቁት ዐሥር ደቂቃ አይሞላም ይረሳዋል። እኔም በተራዬ ልጠይቅዎ፤ ቅር አይበልዎት።»

«ጠይቂ።»

«ልቡን የሰጠዎት ሰው የተናገረውን ደብተርዎ ላይ ሲያሰፍሩት፣ ቃሉ የእሱ ነው ወይስ የእርስዎ?»

«የእሱ ነዋ!»

«ሁልጊዜ?»

ጋሽ ደብተር ደብተራቸውን ከደኑ። እሷም አልገፋችም። ለሁሉም አንድ ሥራ ሰጠች፤ ከዚህ ቀደም ወደ ጻፋችሁለት ሰው ተመለሱ፤ ጥያቄ አታብዙ፤ የተናገረውን ከነአካባቢው ድምፅ ቅዱና አምጡ አለች።

ከክፍሉ ስንወጣ ጋሽ ደብተር «አሳያታለሁ!» አሉኝ። የመረጡት ምርጥ ጽሑፋቸውን ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣውን፣ በጋዜጣው ቤት የዓመቱ ጽሑፍ ተብሎ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን። «እንባዋን በሳሙና ያጠበች እናት» ይላል ርእሱ። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ያጠበች ሴት ታሪክ ነው። አንብበው ያለቀሱ ብዙ ናቸው። እኔም ሳርመው ዓይኔ እርጥብ ብሎ ነበር።

«አንተም ና» አሉኝ። «ምስክር ትሆነኛለህ።»

ሐሙስ ጠዋት ጆሮን ጨምረን ሦስት ሆነን ሄድን። የማጠቢያው ክፍል ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከመሬት በታች ነው። በሩ ሲከፈት ትኩስ እንፋሎትና የበረኪና ሽታ ፊታችንን መታን። ትልልቅ የብረት ማጠቢያዎች ይሽከረከራሉ፤ ስድስት ሴቶች እርጥብ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ፣ ያጥፋሉ። ከጥግ ካለው ወፍራም ቧንቧ አንድ የማያቋርጥ ፉጨት ይሰማል።

አጣቢዋ ወዲያው ለየቻቸው። አርባ አምስት የሚሆናት፣ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት ናት። እጇን በሽርጧ አድርቃ ጨበጠቻቸው። የጠበቅነው ዓይነት ደስታ ግን ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ጋዜጠኛው! በደህና መጡ?»

«በደህና ነው እህቴ። ያ የጻፍኩልዎት ጽሑፍ እኮ የዓመቱ ምርጥ ተባለ! ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ልጄ ናት ያነበበችልኝ።» እጇን እንደገና በሽርጧ ጠረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ የዚያን ቀን አልቅሻለሁ እንዴ?»

ጆሮ መቅጃውን ለመክፈት ገና ፈቃድ እየጠየቀች ነበርና እጇ ባለበት ቀረ።

«ያው… ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር» አሉ ጋሽ ደብተር።

«ወንድሜ፣ በረኪና ነው። እዚህ የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ ያቀርራል። የእርስዎም አሁን አቅርሯል።»

እውነትም አቅርሮ ነበር፤ የእኔም።

«ልጄ ስታነብልኝ ‹ዕጣ ፈንታዬ እንባና አረፋ ነው› ትላለች ይላል አለችኝ። እማዬ፣ እንዲህ ብለሻል ወይ አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ከየት አመጣለሁ? ሥራዬን እወዳለሁ ነው ያልኩዎት። በሽተኛ ንጹሕ አንሶላ ላይ ሲተኛ የእኔ እጅ አለበት ነው ያልኩዎት። ከዚያ በኋላ የማላውቃቸው ሰዎች አሮጌ ልብስ ተሸክመው ደጄ ድረስ መጡ። ልጄ ትምህርት ቤት ‹የእንባ ልጅ› ተባለች። እዚህም ቢሆን ይኸው ስሜ እንባ ሆኖ ቀረ።»

አንዷ ሴት አንሶላ እያጠፈች «እንባ፣ ነይ እንጂ ይሄን ያዥልኝ!» ስትል ሰማናት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና የራሴን ልናገር። ጋሽ ደብተር በጻፉት ላይ «እንባና ሳሙና» ነበር የሚለው። ርእሱ ላይ ሳሙና ስላለ እንዳይደገም ብዬ፣ «አረፋ» ይበልጥ ያምራል ብዬ ያቃናሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ያላለችውን ነገር ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አሳመርንላት። እንፋሎቱ ፊቴን ባይሸፍንልኝ ኖሮ የት እገባ እንደነበር አላውቅም።

«ይሁን፤ ይሄስ አለፈ» አለች አጣቢዋ። «የተቀየምኩዎት በእሱ አይደለም። ስለዚያ ቧንቧ የነገርኩዎት ነገር ለምን አልተጻፈም?»

«የትኛው ቧንቧ?»

በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተች። «የሚያፏጨው። ማጥበቂያው ላልቷል፤ አንድ ቀን ይፈነዳና ሰው ያቃጥላል፣ አለቆቻችን አይሰሙንም፣ እርስዎ ይጻፉልን ብዬ ሁለት ጊዜ ነገርኩዎት። ጽሑፉ ወጣ፤ ልጄ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ቧንቧው የለበትም። በሦስተኛው ወር ተኳሿ ተቃጠለች፤ አንሶላ የምትተኩስልን ልጅ። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ። ያን ጊዜ ቧንቧውን በላስቲክ ጠቀለሉት። ይኸው እንደ ተጠቀለለ ነው።»

 ጋሽ ደብተር አንድ የብረት ሣጥን ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ያን ቀን ምንም አልተቀዳም።

ወደ ዝግጅት ክፍሉ ስንመለስ ከመሳቢያቸው የቆዩ ደብተሮቻቸውን አውጥተው አገላበጡ። የዚያን ቀን ገጽ አገኙት። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ «የእንፋሎት ቧንቧ፣ ይጣራ» ይላል፤ በላዩ ላይ መስመር ተስቦ ተሰርዟል። የሰረዙት ራሳቸው ናቸው።

«አስታወስኩት» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «የጽሑፉን ፍሰት ያቋርጥብኛል ብዬ ነው። ስለ አንዲት እናት መከራ እየተረክሁ በመካከል ስለ ቧንቧ ማጥበቂያ ምን ብዬ አስገባለሁ? አልሄድልህ አለኝ። ሰረዝኩት። ልጄ፣ የሰው እጅ ነው የሰረዝኩት።»

ጆሮ ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ልታጽናናቸው አልሞከረችም፤ ይህ ከእሷ የተማርኩት ነገር ነው።

«በቃኝ» አሉ። «ብዕሬን ልስቀል። ያኔ መቅጃ ይዤ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

«እሱስ አይደለም ጋሼ» አለች። «መቅጃ ብቻውን አያድንም። እኔ ሬዲዮ ላይ ሳለሁ የአንድ አስተማሪን ንግግር ስቆርጥ ‹ልጆቹን እመታለሁ› የሚለውን ይዤ ከኋላው የነበረውን ‹የምለው ዱሮ ነበር› የሚለውን ጣልኩት። ጊዜ አጠረኝ ብዬ ነው። ሰውየው የትምህርት ቤቱን በር ማለፍ አቅቶት ከረመ። በእጄ መቀስ እንጂ ብዕር አልነበረም፤ ያደረግሁት ግን እርስዎ ያደረጉትን ነው።»

ጋሽ ደብተር ቀና ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ለምን ተማሩ ትይናለሽ?»

«ልዩነቱማ፣ እኔ የበደልኩት ሰው መጥቶ ‹ሙሉውን አሰሙኝ› አለ። ሙሉው ነበረ። ተሰማ። ተመልሶ ተላለፈ። አጣቢዋ ግን ‹አላለቀስኩም› ብላ ለማን ትመስክር? የእሷ ቃል የቀረው በእርስዎ ደብተር ብቻ ነው፤ እሱም በእርስዎ ቃል። ደግሞ ስለ እሷ የተጻፈውን እሷ ራሷ ማንበብ አትችልም። ለማን ነበር የጻፍነው ጋሼ? ስለ ሰዎቹ እንጽፋለን እንጂ ለእነሱ አንጽፍም።»

«ምስል ግን ድኻን ያዋርዳል» አሉ፤ ክርክሩ እንደ መድኃኒት ሳያበረታቸው አልቀረም። «የተቀደደ ልብሱን፣ የጎደለ ጥርሱን ለዓለም ማሳየት ነው። ብዕር ቢያንስ ያለብሰዋል።»

«የእርስዎ ብዕር አጣቢዋን ምን አለበሳት?»

ጆሮ ይህን እንዳለች ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ደብተር ግን አልተቆጡም። ደብተራቸውን ዘጉና «እንባ» አሉ። «እንባ አለበስኳት።»

ማክሰኞ ብቻቸውን ወደ አጣቢዋ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። አጣቢዋ ምን እንዳለቻቸው አልነገሩኝም። ሲመለሱ ግን «ፈቅዳለች፤ የምትፈቅደው ግን በእሷ ሥርዐት ነው» አሉ። ፊቷ እንዳይታይ፣ ልጇ በስም እንዳትጠራ፣ ከመውጣቱ በፊት እንድትሰማው፣ ያልወደደችው ተቆርጦ እንዲጣል። ጆሮ በደስታ ተቀበለች። ዱሮ ቢሆን ጋሽ ደብተር «ለባለ ታሪኩ ጽሑፍ ቀድሞ አይነበብም!» ብለው ይቆጡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለእሳቸው ቀላል አልነበሩም።  የመጀመሪያው ቪዲዮ የራሳቸው ጫማ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ላይ አጣቢዋ በተናገረች ቁጥር «እህ! እህ!» ይላሉ፤ የሰው ጨዋታ ሲያዳምጡ ልማዳቸው ነውና።

«ጋሼ፣ እርስዎን ቆርጬ ልጨርስ አልቻልኩም!» አለች ጆሮ እየሳቀች። «ራስዎን ይነቅንቁ፤ በአፍዎ አይሁን።»

ወጣቶቹ ሲተያዩም አየሁ፤ የፈሩት ደረሰ። ግን ቁጭ ብለው ቻሉት። አንድ ቀን «የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለሁለት ደቂቃ ቅዱ» ተባሉና፣ ከማጠቢያው ክፍል መካከል ስልካቸውን ይዘው ሳይናገሩ ቆሙ። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፉጨቱን አልሰማሁትም ነበር» አሉኝ። «ያኔ ሁለት ሰዓት እዚህ ተቀምጫለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነበር ማለት ነው።»

ታዲያ ትምህርቱ በአንድ ወገን ብቻ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ጆሮ የመጀመሪያውን ቅንብር ስታሳየን ድምፁ ያስደነግጥ ነበር፤ ፉጨቱ፣ የብረቱ ኳኳታ፣ የሴቶቹ ጨዋታ። ጋሽ ደብተር ግን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ቦታ አስቆሟት።

«እዚህ ጋ አንሶላው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የበሽተኛ ስምና የአልጋ ቁጥር አይደለም? አውጪው። እዚህ ጋ ደግሞ አለቃዋን የምታማው ሴት በድምፅዋ ትታወቃለች፤ ከሥራ ቢያባርሯት ምን ልትይ ነው? ደግሞ የጥገናው ኃላፊ የታለ? ምን ይላል? ሳይጠየቅ ሰው አይከሰስም።»

«እሱ እኮ አልናገርም ብሏል ጋሼ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅሽው?»

«አንድ።»

«አንድማ ሰላምታ ነው!» አሉና ተነሡ። በር ላይ አራት ጠዋት ጠበቁት። ኃላፊው በመጨረሻ ተናገረ፤ ማጥበቂያው እንዲለወጥ ሦስት ደብዳቤ ጽፎ መልስ አጥቶ ኖሯል። ደብዳቤዎቹንም አሳያቸው፤ እሳቸውም ስልካቸውን አውጥተው አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳይጠይቁ አነሡዋቸው።

ከመውጣቱ በፊት አንድ ጠብ ነበር። ጋሽ ደብተር ከታሪኩ ራስ ላይ ማረሚያ እንዲወጣ ጠየቁ። ዋና አዘጋጁ «የተሸለመ ጽሑፍ ነው! የጋዜጣውን ስም ማጥፋት ነው!» አለ። እሳቸውም በትሕትና ግን ሳያወላውሉ፣ «የእሷ ስም ሁለት ዓመት ጠፍቷል፤ የእኛ አንድ ቀን ቢጠፋ ምን ይለናል?» አሉት። ማረሚያው ወጣ። «በዚህ ዓምድ አለቀሰች ያልናት ሴት አላለቀሰችም። ያለችውንም ሳንጽፍ ቀርተናል። ያለችው የሚከተለው ነው» ይላል። አንዲት ፊደል አልነካሁበትም።

በወረቀቱ ላይ የጋሽ ደብተር አጭር ጽሑፍና የደብዳቤዎቹ ቅጂ፣ በድረ ገጹ ላይ የአጣቢዋ ድምፅ፣ የሚያጥፉ እጆች ምስልና ያ ፉጨት ወጣ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች በአራተኛው ቀን ቧንቧውን አስለወጡ። ዱሮ «አቤቱታ ቀረበ» ብለን ብንጽፍ ይጣራል እንባል ነበር፤ ፉጨቱን በጆሮው የሰማውን ሰው ግን ምን ብለው ያስተባብሉታል?

እኔን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። በዕረፍት ሰዓታቸው ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄደን ነበር። ስድስቱም ሴቶች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ያዳምጣሉ። አንባቢ አላስፈለጋቸውም። አጣቢዋ የራሷን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ አፈረች፤ «እንዲህ ነኝ እንዴ የምናገረው?» አለች። ጓደኛዋ «እንዲሁ ነሽ፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ቀንሰሻል» ስትላት ሁሉም ሳቁ። «በሽተኛ ንጹሕ አንሶላ ላይ ሲተኛ የእኔ እጅ አለበት» የሚለው ሲደርስ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

በሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ጆሮ ጋሽ ደብተርን እንዲናገሩ ጋበዘቻቸው። ገና የሚያንገራግሩ ሌሎች ዘጋቢዎች ነበሩና።

«ጓደኞቼ» አሉ፣ «እኔ አልማርም ያልኩት ጥበቤ ይነካል ብዬ ነበር። አሁን ስመረምረው የፈራሁት ሌላ ነው፤ የሚናገረው ሰው ራሱ ከመጣ እኔ እንዳላስፈልግ ፈርቼ ነው። አስፈልጋለሁ። መጠየቅ፣ ማጣራት፣ የደካማውን ስም መሸፈን ማንም ስልክ አይችለውም፤ ጽሕፈትም የራሱ ቦታ አለው፤ ደብዳቤዎቹን ፉጨት አያስረዳቸውም። ነገር ግን የሰው ድምፅ የሰውየው ንብረት ነው። በድምፁ ስታስቀምጡለት ፊደል ያልቆጠረ ይሰማዋል፤ ዓይኑ ያቃተው ይሰማዋል፤ ተሳሳታችሁ ሲላችሁም ማስረጃ አለው። እኛንም ከማሳመር ይጠብቀናል። እኔ በስድሳ ዓመቴ አፍሬ ነው የተማርኩት። እናንተ ሳታፍሩ ተማሩት።»

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በትእምርተ ጥቅስ መካከል ያለን ቃል ሳላጣራ አላቃናም። አሁን ከዘጋቢው ጋር የተቀዳውን አብሬ አዳምጣለሁ፤ ሥራዬም አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ደብተር ለብዙ ቀን ሲሸሹት የቆዩት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጣቢዋ መንገድ እየመራችን ወደ ተኳሿ ቤት ሄድን። ተኳሿ ሠላሳ ያልሞላት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ በግራ እጇ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች፤ ቀኝ እጇን ነጠላ ጨርቅ ሸፍኖታል።

ጋሽ ደብተር አልተቀመጡም። እንደ ቆሙ፣ ሁሉንም ነገሯት፤ ደብተሩን፣ መስመሩን፣ «ፍሰቱን ያቋርጥብኛል» ያሉትን ሁሉ። አንዱንም አላሳመሩም።

ተኳሿ እስኪጨርሱ ድረስ ማጠፏን አላቆመችም።

«ይቅርታዎን ሰምቻለሁ» አለች። «እጄን ግን አይመልሰውም።»

«አይመልሰውም» አሉ።

«ይቅር ብያለሁ ልልዎት አልችልም። ዛሬ አልችልም።»

«አልጠብቅም ልጄ።»

 ጋሽ ደብተር ለመሰናበት ጎንበስ ሲሉ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ያ የምትቀዱበት ስልክ የታለ?»

«ደጅ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ለመቅዳት አልመጣሁም።»

«የእሷን ሰምቼዋለሁ» አለች ወደ አጣቢዋ እየተመለከተች። «ስለ እጄ ተናግራለች። እሷ ግን የዚያን ቀን አልነበረችም።» የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች፤ ጨርቁን ከቀኝ እጇ ላይ ቀስ ብላ ገፈፈችው። «ይቀመጡና ያብሩት። የኔን እኔ ልናገር።»

ጋሽ ደብተር ተቀመጡ። ስልኩን ከፈቱና በሁለታቸው መካከል ወንበሩ ላይ አኖሩት። ምንም አልጠየቋትም።

«የዚያን ቀን» ብላ ጀመረች፣ «ከቧንቧው አጠገብ የመቆም ተራው የእኔ አልነበረም።»